አሎይን ለመሥራት፦ ምኑን ልግዛ፣ ምኑን ላሰፋ፣ ምኑን በእጄ ልሥራ?

የጌም ገጸ ባሕርይ ኮስፕሌይ (ገጸ ባሕርይውን በልብስና በመልክ መስሎ መቅረብ) የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። መጀመሪያ ሰይፉን ወይም ጦሩን ይሠራል። ቀጥሎ ጥሩሩ ይመጣል። ዊጉ ትዝ የሚለው ዝግጅቱ ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ ገንዘቡ አልቋል፣ ጊዜውም አጥሯል፣ የተገኘው ዊግ ይገዛል። ፎቶው ሲወጣ ግን ሰው የሚያየው ፊትን ነው። ከፊት ጋር አብሮ የሚታየው ደግሞ ፀጉር ነው። ጦሩ ብዙ ጊዜ ግማሹ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።

ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል ከዊግ ይጀምራል። ከገንዘባችሁ ትልቁን ድርሻ ለዊጉ መድቡ። ቀጥሎ በሰውነታችሁ ልክ የሚቀመጥ ልብስ ይምጣ። ጥሩሩና መሣሪያው በተረፈው ይሠራሉ። እነሱ ከርካሽ ዕቃም በደንብ ተሠርተው ሊያምሩ ይችላሉ። ርካሽ ዊግን ግን የትም መደበቅ አይቻልም።

ምርጫዎቹን ለማወዳደር አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን ብንሄድ ይሻላል። እኔ የመረጥኩት አሎይን ነው። አሎይ አምስተርዳም ያለው ጌሪላ ጌምስ በ2017 ያወጣው የሆራይዘን ዜሮ ዶውን ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። በ2022 በወጣው ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስትም ተመልሳለች። እሷን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ፀጉሯ ረጅምና ቀይ ሆኖ በየመሃሉ ቀጫጭን ሹሩባ አለበት። ልብሷ ደግሞ ቆዳ፣ ፀጉራም ቆዳ፣ ገመድና ጌሙ ውስጥ ከሚታደኑት ማሽኖች የተነቀለ ሰሌዳ ነው። ሹሩባ ሲሠራ እያየ ላደገ ሰው፣ አጎዛ ቤቱ ለሚነጠፍ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ሌላው የሚቸገርበት ሥራ እኛ ዘንድ እናቶችና እህቶች እጅ ላይ አለ።

የትኛዋ አሎይ?

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ልብስ ምረጡ። ጌሙ ውስጥ ልብሷ ብዙ ነው። የኖራ ጎሳ ልብስ ቆዳና ፀጉራም ቆዳ ይበዛበታል። የካርጃዎቹ ሐርና ስስ ጨርቅ ነው። የባኑኮቹ ለበረዶ አገር የተሠራ፣ ወፍራምና ድርብርብ ነው።

ምርጫው በውበት ብቻ አይወሰንም። የት ነው የምትለብሱት? ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ የአኒሜ አድናቂዎች የሚሰበሰቡበትን ኦታኮንን ታውቁታላችሁ። ከ2017 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ጁላይ መጨረሻ ወይም ኦገስት መጀመሪያ ላይ ነው። የዲሲ የበጋ ወበቅ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ኮሎኝ የሚካሄደው የጌም ትርዒት፣ ጌምስኮም፣ ኦገስት ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ወር የባኑክ ልብስ ለብሶ ቀኑን ሙሉ መቆም ራስን መቅጣት ነው። ለሙቀት ካርጃ፣ ለብርድ ባኑክ እላለሁ። ኖራ መሃል ላይ ነው፤ ለጀማሪም የሚመቸው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ስፌቱ ትንሽ ቢዛነፍ በእጅ የተሠራ የአዳኝ ልብስ ስለሆነ ያምርበታል እንጂ አያስቀይመውም። የካርጃ ሐር ግን የተዛነፈ ስፌትን ያጋልጣል።

ጌሪላ ራሱ ለኮስፕሌይ ሠሪዎች ብሎ ያወጣው የሥዕል መመሪያ አለ። ነፃ ነው። ልብሱን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቅርብ ያሳያል። ከጌሙ ላይ ስክሪን ሾት ስትለቅሙ ከመዋል እሱን አውርዳችሁ በቀለም አሳትሙት። ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱም ይዛችሁት የምትሄዱት እሱን ነው።

ዊጉ

አራት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው «የአሎይ ዊግ» ተብሎ ተሠርቶ የሚሸጠውን መግዛት ነው። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። በብዛት ሹሩባው ጥቂት፣ ወፍራምና ላላ ያለ ነው። ቀለሙ ወደ ብርቱካን ያደላል። ፕላስቲክነቱ በካሜራ ብርሃን ያብረቀርቃል። ለልጅ የልደት ድግስ ወይም ለአንድ ምሽት ከሆነ ይበቃል። ለውድድር ወይም ለጥሩ ፎቶ ከሆነ አልመክርም። ስትገዙት ዋጋው ያስደስታል፤ ለማስተካከል የምታወጡት ጊዜና ተጨማሪ ፀጉር ሲደመር ግን ሹሩባ የሌለውን ሜዳ ዊግ ገዝቶ ከመሥራት አይተናነስም።

ሁለተኛው ሙቀት የሚችል ሜዳ ቀይ ዊግ ገዝቶ ሹሩባውን በእጅ መሥራት ነው። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ዝርዝሩን ከታች እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ሂውማን ሄር ነው። ብዙዎቻችን ውድ ስለሆነ ይሻላል ብለን እናስባለን። ለዕለት ተዕለት እውነት ነው፤ ቀለም ይቀበላል፣ ይተኮሳል፣ አያብረቀርቅም። ለኮስፕሌይ ግን ደካማ ጎን አለው። እንደ ራስ ፀጉር ወበቅ ሲነካው ቅርጹን ይለቃል። አርቴፊሻሉ በሙቀት የያዘውን ቅርጽ እስከ ማታ ይዞት ይቆያል። ዋጋው ላይ ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቤታችሁ የማይለበስ ሂውማን ሄር ካለ ቀለም ቀብታችሁ ተጠቀሙበት። ለዚህ ሥራ ብላችሁ ግን አትግዙ።

አራተኛው የውጭ መመሪያዎች ብዙም የማያነሱት ነው፦ በራስ ፀጉር ላይ ቀይ አርቴፊሻል ፀጉር ቀጥሎ መሠራት። ግንባር ላይ የሚታየው የፀጉር መነሻ የራስ ስለሆነ ከዊግ ሁሉ የበለጠ እውነተኛ ነው። አይወልቅም፣ ንፋስ አያነሳውም፣ ሙጫ አይፈልግም። ችግሩ ሥሩ ላይ ጥቁሩ ፀጉር መታየቱ ነው። በዚያ ላይ ሰኞ ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ቀዩን ፀጉር ይዛችሁ ነው የምትገቡት። መቼም ሹሩባ መሠራታችሁ ካልቀረ፣ ቀይም ከደፈራችሁ፣ ርካሹና የሚያምረው መንገድ ይህ ነው። አጭር ፀጉር ያላችሁ ወንዶችና ሴቶች ግን ወደ ሁለተኛው ኑ።

ሜዳውን ዊግ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ፊቱን ነው። የአሎይ ፀጉር ከግንባሯ ወደ ኋላ የተመለሰ ነው፤ ስለዚህ መነሻው ይታያል። ይህ ሌስ ፍሮንት ይጠይቃል፤ ፀጉሩ ከፊት በኩል ስስ መረብ ላይ አንድ በአንድ የታሰረበት ማለት ነው። ሌስ የሌለው ዊግ ወደ ኋላ ሲመለስ ወፍራሙ ጠርዝ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ገንዘብ ካነሳችሁ ከሌላው ላይ ቀንሱ፣ ከሌሱ ላይ አትቀንሱ።

የሌሱ ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው። በብዛት የሚሸጠው ለነጭ ቆዳ የተመጠነ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግንባር ላይ ነጣ ያለ መስመር ይሠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የምትቀቡትን ፋውንዴሽን ወይም ፓውደር ከሌሱ ውስጠኛ በኩል በብሩሽ መቀባት። ወፍራም ሻይ ውስጥ የሚነክሩትም አሉ። እኔ ፋውንዴሽኑን እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ከፊታችሁ ጋር እንደሚገጥም አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

ልኩንም ጠይቁ። መደበኛ ዊግ የሚሠራው 56 ሴንቲሜትር አካባቢ ለሆነ ጭንቅላት ነው። ጎፈሬያችሁን ወይም ድሬዳችሁን ከሥር ጠፍራችሁ ስትለኩ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ፀጉራችሁን ከራስ ቅላችሁ ጋር ተጣብቆ በሚሄድ ቀጭን ሹሩባ ተሠርታችሁ፣ ከዊጉ ሥር የሚጠለቀውን ስስ ቆብ (የዊግ ካልሲ) አድርጋችሁ ከዚያ በሜትር ለኩ። ከሥር ያለው ሹሩባ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዊጉን የምታስይዙበት ፒን የሚነክሰው እሱን ነው።

የዊጉን ጭረት፣ ማለትም ፀጉሩ የተሠራበትን ክር፣ ስትመርጡ ወሳኙ የሚችለው ሙቀት ነው። ማሸጊያው ላይ ሙቀት ይችላል የሚል ከሌለ ፀጉር መተኮሻ አታስጠጉ፤ ይቀልጣል። ይችላል የሚለውም ገደብ አለው፤ ብዙዎቹ ከ120 እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ናቸው። ሁልጊዜ ከማጅራት በኩል ከተደበቀ ቦታ አንድ ዘለላ ይዛችሁ ሞክሩ። ለአሎይ ሞገድ ግን መተኮሻም አያስፈልግም። ፀጉሩን በቢጎዲን ጠቅልላችሁ ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተዉት።

ሹሩባውን ስትሠሩ አንድ ቀይ ብቻ አትጠቀሙ። የውበት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ካኔካሎን የሚባለውን ፀጉር ታገኛላችሁ፤ ካኔካ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ጭረት ነው። ቀዩን፣ ጠቆር ያለ ጡብማውንና ትንሽ ቡናማውን ቀላቅሉ። አንድ ዓይነት ቀይ በፎቶ ላይ ባርኔጣ ይመስላል፤ የተቀላቀለው ግን የበቀለ ፀጉር ይመስላል። ውፍረቱንም አለያዩት። ጥቂቶቹን በክር ጠቅልሉ፣ ጥቂቶቹ ላይ ዶቃ ሰኩ። ጫፋቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ዝጉ። ተጨማሪውን ፀጉር ከዊጉ ጋር በመርፌና ክር ስፉት እንጂ በሙጫ አታጣብቁት፤ ሙጫ ይደርቃል፣ ያንጸባርቃል፣ ስትሳሳቱም አይፈታም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ዊግ ላይ ፀጉሩ የተሰፋው በረድፍ ነው። ፀጉሩን ለሁለት ከፍላችሁ ስትጎነጉኑ በመሃሉ መስፊያው ይታያል። ስለዚህ ለአንድ ሹሩባ የሚሆነውን ፀጉር ከአንድ ረድፍ ብቻ ውሰዱ፤ ከላይ ያለው ረድፍ ይሸፍነዋል። ሹሩባ የሚሠሩላችሁ እናት ወይም ጓደኛ ዊግ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የቀረውን እነሱ ከማንኛውም የቪዲዮ ትምህርት በተሻለ ያውቁታል።

የበዛ ብልጭታ ካለው ነጭ የሕፃን ፓውደር በትንሹ ነስንሳችሁ አራግፉት፤ ያደበዝዘዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለአሎይ ነው። ገጸ ባሕርያችሁ የ1997ቱ የፋይናል ፋንታሲ ሰባት ክላውድ ቢሆን ምርጫው ይገለበጣል። እሱ ፀጉሩ ብጫና ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ሹል ነው። ግንባሩ በፀጉር ስለሚሸፈን ሌስ የግድ አይደለም። የሚያስፈልገው ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ፣ ሙቀት የሚችል ዊግና ኃይለኛ ስፕሬይ ነው። ሂውማን ሄር ደግሞ ክብደቱ ራሱ ያጎነብሰዋል። ስለዚህ «ጥሩ ዊግ የቱ ነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የገጸ ባሕርያችሁ ግንባር ይታያል ወይስ አይታይም፣ ፀጉሩ ይወርዳል ወይስ ይቆማል የሚለውን መልሱ።

ልብሱ፦ መግዛት፣ ማሰፋት፣ መስፋት

እዚህ መልሱ የሚለያየው በምትኖሩበት አገር ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ አሰፉት። አገር ቤት በልክ ማሰፋት የተለመደ ነገር ነው፤ ከውጭ ከሚመጣ የተዘጋጀ ልብስና ከማስመጫው ጋር ሲወዳደር አያስቆጭም። ዋናው ጥቅሙ ልኩ ነው። የተዘጋጀ ልብስ የሚሠራው በደረጃ መጠን ስለሆነ ትከሻና ወገብ ላይ ይሰፋል ወይም ያጥራል፤ ልክ ያልሆነ ልብስ ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር የኪራይ ይመስላል። ልብስ ሰፊው ጋ ሥዕሉን ከፊትና ከኋላ ይዛችሁ ሂዱ። ገበር እንዲኖረው ጠይቁ፤ ቆዳ ያለ ገበር ላብ ላይ ይጣበቃል። አንድ ነገር ግን ከሰፊው አትጠብቁ፦ ማስረጀት። ጎበዝ ሰፊ ንጹሕ ሥራ ነው የሚሰጣችሁ። የአዳኝ ልብስ አዲስ መምሰል የለበትም። ከተረከባችሁ በኋላ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ቡናማ አክሪሊክ ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ እጥፋቱ ላይ ቀቡና ሳይደርቅ በጨርቅ ጥረጉት።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የማሰፊያ ዋጋ ከተዘጋጀው ልብስ ስለሚበልጥ ሌላ መንገድ ያዙ። ያገለገለ ልብስ መሸጫ ሂዱና አሮጌ የቆዳ ጃኬትና የሱፍ ሹራብ ፈልጉ። ከአንድ ሰፊ ጃኬት የደረት፣ የእጅና የወገብ ቁራጭ ይወጣል። አገር ቤት ያላችሁም ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። የተዘጋጀ ልብስ የምመክረው መርፌ ይዘው ለማያውቁና ጊዜ ለሌላቸው ብቻ ነው። ከገዛችሁም ዚፑን ሳትነኩ ጎኑን አስጠብቡ፣ ከዚያም አስረጁት። እነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ መልኩን ይለውጡታል።

እውነተኛ ቆዳ ወይስ አርቴፊሻል? የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት በዓለም ገበያ የሚፈለግ ነው። ለዚህ ልብስም ያን ያህል ይስማማል። እርጅናውም ያምራል። ግን ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ መርፌ የበሳው ቀዳዳም አይጠፋም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ቅዱን ሞክሩ። አርቴፊሻሉ ይቀላል፣ ሲታጠፍ ግን ይላጣል። እኔ ከሩቅ ለሚታየው ሰፊ ቦታ አርቴፊሻል፣ ለቀበቶ፣ ለማሰሪያና ለጠርዝ እውነተኛውን ብትጠቀሙ ደስ ይለኛል። ለፀጉራሙ ጠርዝ የአጎዛ ቁራጭ ይበቃል። ስትቆርጡት ከጀርባው በካተር ቆዳውን ብቻ ቁረጡ። በመቀስ ከቆረጣችሁት ፀጉሩም አብሮ ይቆረጥና ጠርዙ የተላጨ ይመስላል።

ሰሌዳዎቹና ፎከሱ

ለነጫጮቹ የማሽን ሰሌዳዎች ሦስት ዕቃ ይወዳደራል። ኢቫ ፎም የሚባለው ልጆች የሚጫወቱበት፣ ጂም ውስጥም የሚነጠፈው እርስ በርሱ የሚጋጠም ምንጣፍ ነው። ቀላል፣ ርካሽ፣ በካተር የሚቆረጥ ነው። ዎርብላ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ የሚለሰልስ የፕላስቲክ ሉህ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ትርፍራፊውም ተመልሶ ይሞቃል፣ ግን ውድ ነው። ሦስተኛው በስሪዲ (3D) ማተሚያ ማተም ነው።

ለአሎይ ፎሙን ምረጡ። ለትከሻና ለክንድ 5 ወይም 6 ሚሊሜትሩ ይበቃል። ከቆረጣችሁት በኋላ በሙቅ አየር ስትነፉት ገጹ ይደፈናል፣ ቀለምም ይይዛል። ለማጣበቅ ጫማ ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ጥሩ ነው፤ ሁለቱንም ጎን ቀቡ፣ ትንሽ አድርቁ፣ ከዚያ አጋጥሙ። መስኮት ክፈቱ፤ የማስቲሹም የሚሞቀው ፎምም ጭስ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። መርካቶ የምትደርሱ ከሆነ ምናለሽ ተራን ሳታዩ አትመለሱ። የኖራ ሰዎች ከወደቀ ማሽን ላይ ቁራጭ ለቅመው ነው የሚለብሱት፤ እዚያም የምታገኙት ብሎን፣ ሽቦና ቀለበት ለዚህ ልብስ የተዘጋጀ ያህል ነው።

ስሪዲ ህትመት የሚያዋጣው ለፎከሱ ነው። ቀኝ ጆሮዋ አጠገብ የምትሰካው ትንሿ ሦስት ማዕዘን ዕቃ ናት። ትንሽ ስለሆነች ህትመቷ ርካሽ ነው፤ ከፊት አጠገብ ስለሆነች ደግሞ ጥራቷ ይታያል። ፒ.ኤል.ኤ በሚባለው ፕላስቲክ ከታተመች መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉአት፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። የምትያያዘው ከዊጉ ጋር ስለሆነ የምትቀመጥበትን ቦታ ሹሩባውን ከመጨረሳችሁ በፊት ወስኑ።

ቀስቱና ጦሩ ላይ አልቆይም። ከፎምና ከቀላል ቱቦ ሥሯቸው። ብረትና ስለት የሚከለክሉ ዝግጅቶች ብዙ ናቸው፤ መግቢያ ላይም ይፈተሻል፤ የምትሄዱበትን ዝግጅት ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ጦሩ ሻንጣ ውስጥ በሚገባ ቁመት የሚገጣጠም ይሁን።

ስለ ቆዳ ቀለም የሚጠይቁኝ አሉ። አሎይ ነጭ ናት፣ እኔ ጠይም ነኝ፣ ምን ላድርግ? ምንም። ፊታችሁን አታንጡ። ገጸ ባሕርይዋን የሚያሳውቀው ዊጉ፣ ልብሱና አቋሙ ነው። የዊጉን ቀይ ስትመርጡ ግን ቆዳችሁ ላይ አስጠግታችሁ እዩት። ጠይም ፊት ላይ ጠቆር ያለው፣ ወደ መዳብ የሚያደላው ቀይ ከብርቱካናማው ይበልጥ ይቀመጣል። ጠይሟ አሎይ ካሜራ ፊት የምታበራው በዚህ ቀለም ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙሉውን ለብሳችሁ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ደረጃ ውጡ፣ ተቀመጡ፣ ብሉ፣ መጸዳጃ ቤት ግቡ፣ አንገታችሁን አዙሩ። ዊጉ ወደ ኋላ ከሸሸ ጆሮ አጠገብ ፒን ጨምሩ። የትከሻው ሰሌዳ ሹሩባውን እየያዘ የሚጎትተው ከሆነ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ማሰሪያው የሚፈገፍጋችሁ ቦታ ካለ ከሥሩ ስስ ጨርቅ ስፉበት።